ጊዜው ያለፈበትን የቤት ግዢ ሐሳብ እንዴት እንዳስተካከልኩት

ለአንድ ቤት ያቀረብኩት የጽሑፍ የግዢ ሐሳብ፣ ማለትም ሻጩ ከተስማማ እንዲፈርምበት የላክሁለት «በዚህ ዋጋ ልግዛ» የሚል ወረቀት፣ የሚያበቃው ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ሻጩ ፈርሞ የላከልኝ ግን ቅዳሜ ጠዋት ነው። ደላላው «ተፈርሟል፤ ቀብዱን ክፈል» አለኝ። አልከፈልኩም።

ችግሩ ከፊርማው ጎን ያለው ቀን ነበር። ቀነ ገደብ የተቀመጠለት ሐሳብ ጊዜው ሲያልፍ ይወድቃል፤ ዘግይቶ የመጣ መልስ ደግሞ በብዙ አገሮች ሕግ እንደ አዲስ ሐሳብ ይቆጠራል። ስለዚህ በእጄ የነበረው ወረቀት ሁለት ፊርማ ቢኖረውም ውል መሆኑ አጠራጣሪ ነበር። ነገ ሌላ ገዢ የተሻለ ዋጋ ቢያመጣ ሻጩ «ያ እኮ ጊዜው አልፎበታል» ሊል ይችላል፤ እኔም እንዲሁ። ቀብድ የሚያህል ገንዘብ በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ መጣል በፍጹም አይገባም!

ደላላው የቀን ማራዘሚያ እንድንፈራረም ሐሳብ አቀረበ። ማራዘሚያ በደንብ የሚሠራው ግን ጊዜው ሳያልፍ ከተፈረመ ነው፤ ካለፈ በኋላ እንደ አዲስ መጻፍ ይሻላል። ዋጋውን ሳልነካ አዲስ ሐሳብ አዘጋጀሁ፤ የማብቂያውን ቀንና ሰዓት ጻፍኩ፤ የቀድሞው መሻሩንም በአንድ ዓረፍተ ነገር አሰፈርኩ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የቀሩትን ቀኖች ነው፦ የባንክ ብድር ማጽደቂያው፣ የቤቱ ፍተሻና ርክክቡ ሁሉም በአሮጌው ቀን ላይ ተመሥርተው ስለነበር አንድ በአንድ ገፋኋቸው። የሕግ ባለሙያ አየልኝ፤ ሻጩ በዚያው ቀን ፈረመ። ቀብዱን የከፈልኩት የተፈረመው ቅጂ ከቀነ ገደቡ በፊት እጄ ከገባ በኋላ ነው።