ለቨርቹዋል ማሽን የሚሰጥ ራም ከዲስክም ቦታ ይወስዳል

ጎንደር ውስጥ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አነስተኛ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ፣ አራት ቨርቹዋል ማሽኖችን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠሩ ኮምፒውተሮችን) ሀይፐር-ቪ በተባለው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም የሚያሠራ አንድ ሰርቨር እከታተላለሁ። ራሙ ወደ 64 ጊጋባይት ባደገ ማግስት የእያንዳንዱን ማሽን ድርሻ ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ከፍ አደረግሁ። በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ሠልጣኞች በሥራ ላይ እንዳሉ፣ አራቱም ማሽኖች ቀጥ ብለው ቆሙ፤ በስማቸው ትይዩም «ፖዝድ-ክሪቲካል» (በአሳሳቢ ችግር ቆሟል) የሚል ጽሑፍ ይታይ ነበር። ዲስኩን ስመለከት 17 ጊጋባይት ክፍት የነበረው ቦታ ተሟጦ ነበር። 16ቱን የወሰደው የጨመርሁት ራም ሲሆን፣ የቀረችውን አንድ ጊጋባይት ደግሞ በየጊዜው የሚያድጉት የማሽኖቹ ዲስኮች ጨርሰዋታል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ማሽኑ «አውቶማቲክ ስቶፕ አክሽን» በሚለው ቅንብር ሥር «ሴቭ» የሚለው ተመርጦለት ከሆነ፣ ሰርቨሩ በሚዘጋበት ጊዜ የማሽኑ ራም ይዘት እንዳለ ወደ ዲስክ ይገለበጣል። በዚያች ሰዓት ቦታ እንዳይጠፋ ሲባል ሀይፐር-ቪ ማሽኑ ገና ሲነሣ ራሙን የሚያህል ፋይል አስቀድሞ ይይዛል። ስለዚህ ራም ከመጨመርዎ በፊት የሁሉንም ማሽኖች ራም ደምረው ከክፍት የዲስክ ቦታ ጋር ያነጻጽሩ። ዲስካቸው በየጊዜው የሚያድግ ከሆነ ለእሱም በቂ ትርፍ ይተዉ።

ቦታውን ማስለቀቅ ከፈለጉ ማሽኑን ዘግተው ቅንብሩን «ሻት ዳውን» (በሥርዓት መዝጋት) ወደሚለው ይለውጡት። «ተርን ኦፍ» የሚለውም ቦታ ያስለቅቃል፤ ነገር ግን ሶኬት እንደ መንቀል ስለሆነ ዳታቤዝ ላለበት ማሽን ፈጽሞ አልመክረውም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ምርጫ ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል ከሚሰጠው መሣሪያ) ጋርም ይያያዛል፦ «ሴቭ» ከተመረጠ፣ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት በሚጽፍ ሃርድ ዲስክ ላይ 32 ጊጋባይት ራም ገልብጦ ለመጨረስ ከአምስት ደቂቃ በላይ ያስፈልጋል፣ ባትሪውም እስከዚያ መቆየት አለበት።

ቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ በተባለው ሌላ የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም የሚሠሩ ከሆነ መንገዱ ይለያል። ማሽኑ ሲነሣ የሚፈጠረው የስዋፕ ፋይል (ራም ሲያጥር በምትኩ የሚያገለግል የዲስክ ፋይል) መጠን፣ ከተመደበው ራም ላይ «ሪዘርቬሽን» ተብሎ የተያዘው ተቀንሶ የሚቀረው ነው። 8 ጊጋባይት የተመደበለትና ምንም ያልተያዘለት ማሽን 8 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይወስዳል፤ 6 ጊጋባይት ቢያዝለት ግን 2 ብቻ ይበቃዋል። ቦታ ከሌለ ማሽኑ ጭራሹን አይነሣም። ሆኖም የሚያዘው ራም በሰርቨሩ ላይ በእርግጥ ያለ መሆን ስላለበት፣ ለሁሉም ማሽን ሙሉውን መያዝ የሚቻለው ራሙ ሲተርፍ ብቻ ነው።

ሌላው የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም፣ ቨርቹዋልቦክስ፣ ማሽኑ እየሠራ ሳለ እንዲህ ያለ ፋይል አይዝም፤ ቦታ የሚወስደው «ሴቭ ስቴት» ሲደረግ፣ ማለትም የማሽኑ ሁኔታ ተቀምጦ ሲቆም ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ስናፕሾትን፣ ማለትም በኋላ ለመመለስ እንዲያመች የሚቀመጠውን የማሽኑን የቅጽበት ሁኔታ ነው። በቪኤምዌር ራሙን ጨምሮ የሚነሣ ስናፕሾት የማሽኑን ራም የሚያህል ፋይል ትቶ ስለሚሄድ፣ 8 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ሦስት ጊዜ ቢነሣ 24 ጊጋባይት ይሄዳል፤ የዲስኩ ለውጥ ገና ሳይቆጠር ማለት ነው። የራሙ ይዘት የማያስፈልግዎ ከሆነ ስናፕሾቱን ሲያነሡ ራሙን እንዲጨምር የሚያደርገውን ምልክት ያጥፉት። ያረጁትንም ፋይሉን ከፎልደር በመሰረዝ ሳይሆን ከፕሮግራሙ ውስጥ ያስወግዱ፤ ፋይሉን በእጅ መሰረዝ ማሽኑን እስከ ማበላሸት ይደርሳል።

በማሽኑ ውስጥ ያለው ዊንዶውስም የፔጅ ፋይሉን (ራም ሲያጥር የሚጠቀምበትን የዲስክ ፋይል) መጠን ራሱ እንዲወስን ከተተወ የራሙን መጠን እያየ ያሳድገዋል። በዚህ ሳቢያ ያደገ ቨርቹዋል ዲስክ፣ በኋላ ራሙን ቢቀንሱለት እንኳ በራሱ ተመልሶ አይጠብም፤ ማሽኑን ዘግቶ ዲስኩን ማጥበብ ይጠይቃል።

ለውጡን ከጨረሱ በኋላ ማሽኖቹን ሁሉ አንድ ላይ አስነሥተው የቀረውን ክፍት ቦታ ይጻፉ። ከዚያም ሠልጣኝም ሠራተኛም በሌለበት ሰዓት የዩፒኤሱን ሶኬት ከግድግዳ ነቅለው፣ ባትሪው ሳያልቅ ሁሉም ማሽን በሥርዓት መዘጋቱን ቆመው ይመልከቱ።