የቼዝ ቦቶችን በፈረቃ ስታሠሩ የምትስቷቸው ነገሮች

ሊቼስ በሚባለው የኢንተርኔት ቼዝ መጫወቻ ላይ ሦስት የቼዝ ቦቶች (በራሳቸው የሚጫወቱ ፕሮግራሞች) አሉኝ። በፈረቃ ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከሰዓት፣ አንዱ ማታ። መጀመሪያ ቤት ላፕቶፕ ላይ ነበሩ፣ አሁን ትንሽ ሰርቨር ተከራይቼላቸዋለሁ። ቼዙን ስቶክፊሽ የሚባለው የቼዝ ፕሮግራም (ኢንጂን) ይጫወትልኛል። ራስ ምታት የሆነብኝ ፈረቃው ነው።

የመጀመሪያው ስህተት በራስ አካውንት መጀመር ነው። ሊቼስ ቦት አይከለክልም፤ በሰው ስም ኢንጂን ማጫወትን ነው የሚከለክለው። አካውንት ወደ ቦትነት የሚቀየረው አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ነው። ከተቀየረ በኋላ መመለስ የለም። ስለዚህ ለየቦቱ አዲስ ክፈቱ። ቦት ጭራሽ የማይፈቅዱ ጌሞች ብዙ ናቸው፤ እዚያ ፈረቃ ብታሳምሩም ከመታገድ አያድናችሁም።

ሁለተኛው እኔን ጉድ የሠራኝ ነው፦ ሰዓቱን በሐበሻ አስቦ መጻፍ። የማታው ቦት ከምሽቱ 2 ሰዓት እንዲጀምር ፈልጌ ፕሮግራም በሰዓቱ በሚያስነሳው ክሮን ላይ 2 ብዬ ጻፍኩ። ሰርቨሩ የሚሄደው በዩቲሲ፣ ከኢትዮጵያ 3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው የዓለም ሰዓት ነው። ቦቴ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ብድግ አለ። «አሃ!» ብዬ በፈረንጅ አቆጣጠር 20 አደረግኩት። አሁን ደግሞ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሆነ። ከ20 ላይ 3 ቀንሼ 17 ስል ነው የተስተካከለው። ቀኑም ያምታታል። እሁድ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ስልካችሁ ሰኞ ይላል፤ ሰርቨሩ ግን ገና እሁድ 22 ሰዓት ላይ ነው። እኔ አሁን ከእያንዳንዱ መስመር በላይ የሐበሻውን ሰዓት በማስታወሻ እጽፋለሁ። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያላችሁ ደግሞ ሰርቨሩን በከተማችሁ ሰዓት አታድርጉት። በጸደይ ሰዓት ሲቀየር፣ በፈረንጅ ሌሊት 2፡30 የሚባለው ደቂቃ ራሱ የለም።

ተራው አለቀ ብሎ ቦቱን ጨዋታ መሃል መግደልስ? ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳውና የሚያስቆመው ሲስተምዲ አንድን ፕሮግራም ሲያስቆም፣ ካልነገራችሁት በቀር 90 ሰከንድ ብቻ ይታገሳል። ከዚያ በግድ ይዘጋዋል። 15 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ጭማሪ ጋር የሚጫወት ቦት 60 እርምጃ ከሄደ፣ ጨዋታው ለሁለቱም ተደምሮ እስከ 50 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። 90 ሰከንድ ምን ይሠራለታል? ወዲያ ማዶ ደግሞ ሰው አለ፤ ጥሩ ጨዋታ ይዞ፣ ባላጋራው ድንገት ድምፁ ጠፍቶበት ሰዓት ሲቆጠር የሚያይ። መላው ቀላል ነው። ፈረቃው ሊያልቅ አንድ ሰዓት ሲቀረው ቦቱ አዲስ ግጥሚያ መቀበል ያቁም፣ የጀመረውን ይጨርስ።

ሁለት ቦቶች እንዳይደራረቡ ብዬ በገዛ እጄ ቁልፍ ሠርቼም ነበር። ቦቱ ሲጀምር «እየሠራሁ ነው» የሚል ፋይል ይፈጥራል፣ ሲጨርስ ያጠፋዋል። ያኔ ላፕቶፕ ላይ ነበርኩ፤ ባትሪውም የሞተ ነው። አንድ ማታ መብራት ሄደ። ፋይሉ እዚያው ቀረ። በማግስቱ ሦስቱም «ሌላው እየሠራ ነው» ብለው ቁጭ አሉ፣ አንዱም አልተነሳም። ሊኑክስ ላይ ኤፍሎክ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ፕሮግራሙ ሲሞት ቁልፉም አብሮ ይለቀቃል። እሱን ተጠቀሙ።

ቶክን (ቦቱ ሊቼስ ላይ የሚገባበት የምስጢር ኮድ) ለየቦቱ የተለየ ይሁን፣ ኮድ በሚለጠፍበት ጊትሀብ ላይም እንዳይወጣ። ደግሞ ተርሚናል ላይ የሠራው ስክሪፕት ክሮን ላይ እምቢ ካለ፣ መጀመሪያ ቶክኑን ጠርጥሩ። ቶክኑን ተርሚናሉ ሲከፈት በሚያነበው የሼል ፋይል ውስጥ ጽፋችሁት ከሆነ፣ ክሮን ያንን ፋይል አያነብም።

የመጨረሻው መነዝነዝ ነው። ሊቼስ 429 («ጥያቄ አበዛችሁ» ማለት ነው) ብሎ ከመለሰላችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ጠብቁ ነው የሚለው። የእኔ ስክሪፕት በየሰከንዱ እየደጋገመ ያንኳኳ ነበር። ሎጉን ስከፍተው ከላይ እስከ ታች 429 ብቻ ነው።