የመጋረጃ ጭራ የምትሰፉ፣ እባካችሁ!

ከሳሎን መጋረጃ ራስ ግራና ቀኝ የሚወርደውን፣ እጥፍ እጥፍ ብሎ ጫፉ ዚግዛግ የሚሠራውን ጌጥ እኛ ሱቅ «ጭራ» ነው የምንለው። አዳማ ውስጥ የሰርግ ሰሞን ሲደርስ ሁሉም ቤት ጭራ ያምረዋል። ስህተቱም ያኔ ይበዛል።

አንደኛው፣ ደሜን የሚያፈላው፣ ሁለቱን ጭራ አንድ ዓይነት አድርጎ መቁረጥ ነው። ወደ መስኮቱ መሃል ያለው ጠርዝ አጭር፣ የውጭው ረጅም ነው፤ 50 እና 130 ሳንቲ እንበል። ስለዚህ ግራና ቀኙ እንደ ጫማ ናቸው። ጀማሪ ግን ያንኑ የልክ ወረቀት ሁለቴ አስቀምጦ ሁለቴ ይቆርጣል! ጨርቁን ፊትና ፊቱን አገናኝታችሁ በቁመቱ እጠፉት፣ አንዴ ቁረጡ፣ አለቀ። በወርዱ ካጠፋችሁት የአንደኛው ጭራ አበባ ቁልቁል ይዘቀዘቃል። ቬልቬት ከሆነማ ጠጉሩ ይገለበጥና አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ፈካ ይላል።

እኔም አልዳንኩም። ሰርጉ ቅዳሜ ነው፤ ሐሙስ ማታ ሁለት የግራ ጭራ ታቅፌ ቁጭ አልኩ። ጨርቁ አልቋል። በማግስቱ መርካቶ ሄጄ ያንኑ ወርቃማ ቀለም አገኘሁ ብዬ ተመለስኩ፤ ለካ ጥቅሉ ሌላ ነው፣ ወደ ቢጫ ያደላል። የሙሽራዋ እናት አዩትና «ልጄ፣ መብራት ሲበራ አይታወቅም ይሆን?» አሉኝ። መብራቱ ሲበራ ባሰበት።

ገበር ላይ አትሰስቱ። ጭራ ሲታጠፍ ጀርባው ይታያል፣ ውበቱ ራሱ እሱ ነው። ደንበኛዋ ጨርቁን ስትመርጥ ገበሩንም አብራ ትምረጥ።

ታጥፎ ወርዱ 30 ሳንቲ እንዲሆን የምትፈልጉት 90 ገደማ ይበላል። በ60 የሠራ ሰው እጥፋት ሳይሆን መጨማደድ ነው የሰቀለው።

ጭራው የመስኮቱን ቁመት እኩል ለሁለት ከፍሎ አይቁም። መጀመሪያ በስፒል ያዝ አድርጉትና ሶፋው ላይ ተቀምጣችሁ እዩት፤ ቆሞ የሚያየው ሰፊው ብቻ ነው።

ንፋሱንም አትርሱ። ከከተማው ወጣ ብለው የሚሽከረከሩት ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉም! ስስ ጨርቅ ከሆነ ጫፉ ላይ ትንሽ ሮንዴላ ስፉበት፣ ግን በጨርቅ ጠቅልሉት። ራቁቱን ከገባ ሲታጠብ ይዝግና ቡናማ ክብ ያትማል።

ቬልቬት ፊቱ ላይ ካውያ አይጫንም ብዬ አልጽፍም፤ እሱንስ ታውቁታላችሁ።