ዳታቤዝን በተራ ቋንቋ እንዴት መጠየቅ ይቻላል?

ተራ ጥያቄን ወደ ኤስኪውኤል ኩዌሪ (ዳታቤዝ በሚረዳው ቋንቋ ወደተጻፈ ጥያቄ) የሚቀይሩ የኤአይ መሣሪያዎች ጀማሪን ቶሎ ውጤት ላይ ያደርሱታል። ስሕተት አሳይቶ የሚቆም ኩዌሪ ብዙም አያሳስብም፤ ራሱን ያጋልጣል። የሚያስፈራው ምንም ሳያስጠነቅቅ የተሳሳተ ቁጥር ይዞ የሚመጣው ነው።

በመጀመሪያ ማንበብ ብቻ የሚፈቀድለት አካውንት ይከፈትልዎ። መሣሪያው መረጃ የሚሰርዝ ኩዌሪ ቢጽፍ እንኳ ዳታቤዙ ይከለክለዋል። ይህ ሳይደረግ ምንም አይጀምሩ።

ቀጥሎ የሰንጠረዦቹንና የአምዶቹን ስም፣ እንዲሁም ሰንጠረዦቹ በየትኛው አምድ እንደሚገናኙ ለመሣሪያው ይስጡት። «ሁኔታ» የሚለው አምድ 1 እና 2 ብቻ የያዘ ከሆነ የትኛው «የተከፈለ»፣ የትኛው «የተሰረዘ» እንደሆነ ይንገሩት፤ ካልነገሩት ይገምታል። የሰዎች የግል መረጃ ያለበትን ረድፍ ግን ለናሙና ብለው አይለጥፉ።

ጥያቄው አሻሚ መሆን የለበትም። «ምርጥ ደንበኞች እነማን ናቸው?» ሲባል ምርጥነቱ በከፈሉት ገንዘብ ነው ወይስ በግዢ ብዛት? ይልቁንስ «ከ2024-03-01 ጀምሮ ከ2024-04-01 በፊት ብዙ ገንዘብ የከፈሉ 10 ደንበኞች» ይበሉ። «እስከ 2024-03-31» ማለት ወጥመድ አለው፤ አምዱ ሰዓትም የሚይዝ ከሆነ የመጨረሻው ቀን ሽያጭ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው በሙሉ ሊቀር ይችላል።

ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ኩዌሪውንም እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ጆይን (JOIN) የሚል፣ ሰንጠረዦችን የሚያገናኝ ቃል ካዩ ቆም ይበሉ፤ ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ጠቅላላ ዋጋው 1,000 የሆነ አንድ ግዢ ሦስት ዕቃዎች ቢኖሩትና የግዢው ሰንጠረዥ ከዕቃዎቹ ጋር ቢገናኝ፣ ያው ግዢ በሦስት ረድፍ ይደገማል። የግዢው ዋጋ ሲደመር 3,000 ይወጣል። ስለዚህ ከጆይን በፊትና በኋላ ያለውን የረድፍ ብዛት ያስቆጥሩ። ከበዛ ድምሩን አይመኑት። ካነሰ ደግሞ ተዛማጅ ያላገኙ ረድፎች ወድቀዋል፤ ለምሳሌ ምንም ያልገዙ ደንበኞች።

ባዶ ቦታም ያታልላል። «ሁኔታው ከ2 የተለየ» ብለው ሲጠይቁ ሁኔታቸው ያልተሞላ ረድፎች አይመጡም፤ ኤስኪውኤል ባዶውን ከምንም ጋር አያወዳድርምና። እነሱም እንዲካተቱ ከፈለጉ በግልጽ ይጻፉ።

በመጨረሻ ያንኑ ጥያቄ መልሱን በእጅ ቆጥረው በሚያውቁት በአንድ ደንበኛ ላይ ይሞክሩ። ካልገጠመ «ተሳስተሃል» ብቻ አይበሉት፤ የትኛው ረድፍ እንደጎደለ ወይም እንደተደገመ ጠቁመው ኩዌሪውን ያስተካክል።