ስኳር በሽታ ያለባትን ድመት ቤት ውስጥ እንዴት መንከባከብ ይቻላል? ነገሩ ሲወሳሰብስ?

ድመታችሁ ስኳር አለባት የተባላችሁ ቀን መጀመሪያ የሚያስጨንቃችሁ መርፌው ነው። የኢንሱሊን መርፌ ግን በጣም ቀጭን ነው፤ ብዙ ድመቶች ምግብ ላይ እያሉ ሲወጉ ዞር ብለው እንኳ አያዩም። የሚከብደው ሌላ ነው። ጠዋት ምግቧን አሽትታ ትታው ስትሄድ፣ ወይም መለኪያው ያልጠበቃችሁትን ቁጥር ሲያሳያችሁ፣ ሲሪንጁን እንደያዛችሁ “ልስጣት ወይስ ልተው?” የምትሉባት ደቂቃ ናት የምትከብደው። ስለዚህ እዚያ ላይ ረዘም እላለሁ፤ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ። የመድኃኒቱን መጠን የሚወስነው የእንስሳት ሐኪሙ ነው፤ እዚህ ያለው በአንዱ ቀጠሮና በሌላው መካከል እናንተ ላይ የሚወድቀው ሥራ ነው።

1. ኢንሱሊኑና ሲሪንጁ ይስማሙ

ብልቃጡ ላይ 40 ወይም 100 የሚል ቁጥር አለ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት ዩኒት እንዳለ የሚናገር ነው። ለእንስሳት የተሠሩት ካኒንሱሊንና ፕሮዚንክ ባለ 40 ናቸው። ለሰው የተሠራውና ለድመትም በብዛት የሚታዘዘው ግላርጂን ባለ 100 ነው። ሲሪንጁም የራሱ ቁጥር አለው፤ ሁለቱ መግጠም አለባቸው። ባለ 100 ኢንሱሊን በባለ 40 ሲሪንጅ እስከ 1 መስመር ብትስቡ ድመቷ የምትወስደው 2 ዩኒት ተኩል ነው፤ ለ4 ኪሎ ድመት አደገኛ ነው። ሲገላበጥ ደግሞ ግማሽ ዩኒት እንኳ አይሞላም። አንዳንዶች “አስልቶ መጠቀም ይቻላል” ይላሉ። ይቻላል፣ ግን እንቅልፍ ባልለቀቀው ዓይን በየማለዳው ማካፈልና ማባዛት ውስጥ ባትገቡ ይሻላል። ትክክለኛውን ሲሪንጅ ግዙ፤ ለባለ 100ው የግማሽ ዩኒት መስመር ያለው ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ።

ብልቃጡ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ በረዶ ከነካው ግን ይጣላል። ግላርጂን አይናጥም። የሌሎቹን አያያዝ አብሮ ከሚመጣው ወረቀት አንብቡ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም።

2. መውጋት

በየ12 ሰዓቱ፣ ምግብ እየበላች። ጎኗ ላይ ቆዳዋን በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ከፍ አድርጉና ከሥሩ ባለው ክፍተት ውስጥ መርፌውን አስገቡ፤ ቦታውን በየጊዜው ቀያይሩ። ማጅራቷ ላይ መውጋት የለመደ ብዙ ነው፣ እኔ ግን ጎኗን እመርጣለሁ።

አንዳንዴ መርፌው ቆዳውን በስቶ በሌላ በኩል ይወጣና መድኃኒቱ ጸጉሯ ላይ ይፈሳል። ጸጉሯ ይረጥባል፣ የኢንሱሊን ሽታም ይሸታችኋል። ምን ያህሉ እንደገባ ስለማታውቁ በምንም ዓይነት አትድገሙ። አንድ መጠን ቢያመልጣት ስኳሯ ለ12 ሰዓት ከፍ ይላል፣ በቃ። ደግማችሁ ብትወጓትና የመጀመሪያው ገብቶ ከነበረ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስትታገሉ ታድራላችሁ። ቤት ውስጥ መርፌውን የሚሰጠው ከአንድ ሰው በላይ ከሆነ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፉ፤ የወጋ ሰው ሰዓቱን ይጻፍ። እኛ ቤት ወረቀቱ የተለጠፈው አንድ ቀን ጠዋት ሁለታችንም ልንሰጣት ስንል ኩሽና ውስጥ ተገጣጥመን ነው።

3. ስኳሯን መለካት

መለኪያ ሳይኖራችሁ ኢንሱሊን መስጠት በጨለማ መሄድ ነው። ክሊኒክ የሚለካው ብቻውን አይበቃም፤ ድመት ስትደነግጥ ስኳሯ በጣም ስለሚጨምር ጤነኛዋ እንኳ እዚያ የስኳር በሽተኛ ልትመስል ትችላለች።

ደሙ የሚወሰደው ከጆሮ ነው። በባትሪ ብርሃን ብታዩት የጆሮዋን ጠርዝ ተከትሎ የሚሄድ ቀጭን የደም ሥር አለ። የሚወጋው በዚያ ደም ሥርና በጠርዙ መካከል ያለው ጠባብ ቦታ ነው፣ ደም ሥሩ ራሱ አይደለም። አስቀድማችሁ ጆሮዋን ለብ ባለ እርጥብ ጨርቅ አሙቁት፤ ቀዝቃዛ ጆሮ ደም አይሰጥም። ከጆሮው ጀርባ የታጠፈ ጥጥ ደግፉበት፤ አለበለዚያ ጣታችሁን ትወጋላችሁ። ስስ ቫዝሊን ብትቀቡት ደሙ ጸጉሩ ውስጥ ከመበተን ይልቅ ክብ ጠብታ ሆኖ ይቆማል። ለጀማሪ በጣም ቀጭኑ መውጊያ አይጠቅምም፤ ቁጥሩ 28 ወይም 26 የሆነው ወፈር ያለው ነው፣ በአንድ ጊዜም ይሳካል። ከዚያ የምትወደውን ነገር ስጧት። ሁልጊዜ። ከጊዜ በኋላ መለኪያውን ስታይ ራሷ መጥታ ትቀመጣለች።

የሰው መለኪያ ለድመት ደም አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ አድርጎ ያነብባል። ለእንስሳት የተሠራው ይበልጥ ትክክል ነው። የፈለጋችሁትን ተጠቀሙ፣ ግን አንዱን ያዙ፣ ሐኪሙም የትኛውን እንደያዛችሁ ይወቅ፤ ሁለቱን እያቀያየሩ ቁጥር ማወዳደር ራስን ማደናገር ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ናቸው፤ መለኪያችሁ በሚሊ ሞል ከሆነ ለ18 አካፍሉት። ሰው ክንዱ ላይ የሚለጥፈው ሊብሬ የሚባለው ሴንሰር ለድመትም ይለጠፋል። የተሠራው እንደ ዓይነቱ ለ14 ወይም ለ15 ቀን ቢሆንም ድመት ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይወልቃል። ዝቅ ያለ ቁጥር ካሳየ በደም ሳታረጋግጡ አትመኑት።

4. ልስጥ ወይስ ልተው?

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዝልኝ። ከፍ ያለ ስኳር የሚጎዳው በቀናትና በሳምንታት ነው፤ ዝቅ ያለ ስኳር ግን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። በተጠራጠራችሁ ጊዜ ሁሉ ወደየት ማዘንበል እንዳለባችሁ ከዚህ ይገባችኋል።

ሐኪሙን አስቀድማችሁ፣ በሰላሙ ጊዜ፣ ሦስት ነገር ጠይቁና አስጽፉ፦ ከስንት በታች ከሆነ አልስጣት? ግማሹን ብቻ ከበላችስ? ጭራሽ ካልበላችስ? የመጀመሪያው መልስ ለጀማሪ ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 200 ባለው ውስጥ ይሆናል። ልምድ ሲመጣ ዝቅ ይላል፤ ያንንም የሚያወርደው ሐኪሙ ነው።

አሁን መርፌው ሰዓት ደረሰና ለካችሁ፤ ሐኪሙ “ከዚህ በታች ከሆነ አትስጧት” ብሎ ከጻፈላችሁ ቁጥር በታች ነው እንበል። ድመቷ ደህና ከሆነችና ቁጥሩ አደጋ ውስጥ ካልገባ ምግብ ሳትሰጡ ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ እንደገና ለኩ። እየወጣ ከሆነ ያለፈው ኢንሱሊን ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው፤ ያኔ ደውላችሁ ተነጋገሩ። ባለበት ከቆመ ወይም ከወረደ ግን መርፌው ይቅር፣ ምግብ ስጧት፣ ክትትሉን ቀጥሉ።

ቁጥሩ ከፍ ያለ ሆኖ ምግብ እምቢ ካለችስ? እዚህ ላይ ሰው ሁለት ጎን ይስታል። አንዱ “አልበላችም” ብሎ ኢንሱሊኑን ለቀናት ያቆማል። ሰውነቷ ኢንሱሊን ጨርሶ ሲያጣ ስብ ማቃጠል ይጀምርና ከስቡ የሚወጣው፣ ሲበዛ ደሟን የሚመርዘው ኪቶን ይጠራቀማል፤ ወደዚያ በኋላ እመለሳለሁ። ሌላው ምንም እንዳልተፈጠረ ሙሉውን ይሰጣል፤ ከሰዓታት በኋላ ስኳሯ ይወድቃል። ግማሽ ለበላች ድመት ግማሽ መጠን የሚያዙ ሐኪሞች ብዙ ናቸው፤ የእናንተው ምን እንዳለ የሚነግራችሁ ግን ያ የጻፋችሁት ወረቀት ነው። ስኳር ያለባት ድመት አንድ ሙሉ ቀን ካልበላች ግን ወረቀቱን ተዉትና ክሊኒክ ውሰዷት። ጤነኛ ድመት እንኳ ለቀናት ስትጾም ጉበቷ በስብ ይሞላል።

ከፍ ያለ ቁጥር ባያችሁ ቁጥር መጠኑን መጨመር ሌላው ወጥመድ ነው። ስኳሯ በመሐል ወርዶ ሰውነቷ ራሱ መልሶ አስፈንጥሮት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሚታያችሁ ከፍታ የመጣው ኢንሱሊኑ በዝቶ ነው። ይህን የሚለየው በየሁለት ሰዓቱ ለ12 ሰዓት እየለኩ መመዝገብ ብቻ ነው። መጠን ቶሎ ቶሎ አይቀየርም፤ አዲሱ መጠን የሚያሳየውን ለማየት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ትዕግሥት ለሌለው ሰው ይህ ክፍል ይመረዋል፣ አውቃለሁ።

5. ስኳሯ ሲወርድ

ከ60 በታች ማንኛውም ቁጥር፣ ደህና ብትመስልም፣ ድንገተኛ ነው። የእኔዋ ሲወርድባት የማውቀው መጀመሪያ በዓይኗ ነው፤ ብሌኗ ይሰፋና ማንም የሌለበትን ግድግዳ አፍጥጣ ታያለች። ከዚያ ባልተለመደ ድምፅ ምግብ ትጠይቃለች፣ ስትነሳ የኋላ እግሯ ይከዳታል። ሌላዋ ትደበቃለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ አለዚያም ፍዝዝ ብላ ትተኛለች።

መብላት ከቻለች ወዲያው ምግብ ስጧት። ካልበላች ወይም ከተንገዳገደች ማር፣ ሽሮፕ ወይም በውሃ የበጠበጣችሁት ግሉኮስ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ድዷ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ቀቡ። ስኳር አልባ የሚባል ማጣፈጫ ምንም አይሠራም። አንገቷን አቅንታችሁ አፏ ውስጥ አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባ ይገባል። የሚጥል ነገር ከጀመራት ወይም ራሷን ከሳተች ድዷን በጥንቃቄ ቀብታችሁ (ሳታውቅ ትነክሳለች) ወዲያው ወደ ክሊኒክ ተነሱ፤ ስልኩ ከመኪናው ውስጥ ይደወላል። በ15 ደቂቃ ለኩ፣ እንደገና በ15 ደቂቃ። ነቃ ብላ መሄድ ስትጀምር ተገላገልን ብላችሁ አትተኙ። ማሩ በቶሎ ያልቃል፣ ኢንሱሊኑ ግን ገና ለሰዓታት አለ። ቀጣዩን መርፌ ከሐኪም ጋር ሳትነጋገሩ አትስጡ፤ መጠኑ መቀነሱ አይቀርም።

6. ኪቶን

ይህኛው ቤት ውስጥ የሚታከም አይደለም። የእናንተ ድርሻ ቀድሞ መያዝ ነው። ለሰው የሚሸጠው፣ ኪቶን ሲነካው ቀለሙ የሚቀየረው የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ ለድመትም ይሠራል፤ የምትሸናበት አሸዋ ላይ ስትቀመጥ ረጅም እጀታ ያለው ጭልፋ ከኋላዋ ብታስገቡ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ስትሪፑ ላይ በተጻፈው ሴኮንድ ቀለሙን አንብቡ፤ ዘግይቶ የጠቆረ ቀለም ያሳስታል። ስኳሯ ከፍ ብሎ በሰነበተ ጊዜ፣ ምግብ ስትቀንስ፣ ወይም ሌላ በሽታ ሲይዛት መርምሩ። ትንሽ ምልክት ከታየ የዚያኑ ዕለት ደውሉ። ከኪቶኑ ጋር ማስመለስ፣ መዛል፣ ምግብ መተው ወይም አሴቶን አሴቶን የሚል ትንፋሽ ካለ ሆስፒታል ነው፤ የሚያድናት በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ ፖታሲየምና በየሰዓቱ የሚስተካከል ኢንሱሊን ነው።

ኢንሱሊን ሳይሆን የሚዋጥ መድኃኒት የታዘዘላችሁ ደግሞ እዚህ ላይ ይበልጥ ንቁ። ቤክሳግሊፍሎዚን በ2022፣ ቬላግሊፍሎዚን በ2023 አሜሪካ ውስጥ ለድመት ተፈቅደዋል፤ ቀድሞ ኢንሱሊን ላልወሰዱ ድመቶች ብቻ ነው። ስኳሩን በሽንት ስለሚያስወጡት መለኪያው ጥሩ ቁጥር እያሳየ ኪቶኑ ሊገነባ ይችላል። ስለዚህ ለእነዚህ ድመቶች “ስኳሯ እኮ ደህና ነው” ማለት መልስ አይሆንም።

7. ቀስ ብለው የሚመጡት

የኋላ እግሯን ተረከዝ መሬት አስነክታ የምትሄድ ከሆነ ነርቮቿ ተጎድተዋል። ስኳሩ ሲስተካከል ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ወራት ቢፈጅም። እስከዚያው ከፍ ካለ ቦታ እንድትዘል አትተዉአት፤ የሚያንሸራትት ወለል ላይ ምንጣፍ ጣሉ።

ያለ ምክንያት የኢንሱሊን ፍላጎቷ ሲጨምር አፏን አስከፍታችሁ እዩ፤ የታመመ ጥርስና ድድ ኢንሱሊኑን ያዳክመዋል። የሽንት ኢንፌክሽንና የቆሽት መቆጣትም እንዲሁ። ለቆዳ ወይም ለአስም የሚሰጥ ስቴሮይድ ስኳሯን ስለሚያናውጥ ለየትኛውም ሐኪም ስኳር እንዳለባት ሳትናገሩ መርፌ አታስወጉ። ወንድ ድመት አሸዋው ላይ እየተመላለሰ ምንም ካልወጣው ስኳሩን እርሱትና ሮጣችሁ ውሰዱት፤ ቧንቧው ተዘግቶ ይሆናል። በየሳምንቱ መዝኗት፤ ሚዛን ላይ ይዛችኋት ወጥታችሁ የራሳችሁን መቀነስ ይበቃል።

8. ምግብ፣ እና መርፌው ሊቀር የሚችልበት ጊዜ

ፕሮቲኑ የበዛ፣ ካርቦሃይድሬቱ ያነሰ እርጥብ ምግብ ነው የሚመረጠው። ደረቁ ምግብ፣ ውዱም ቢሆን፣ በአብዛኛው ካርቦሃይድሬቱ ብዙ ነው። ግን ኢንሱሊን እየወሰደች ሳለ ምግቡን በአንድ ቀን አትቀይሩ። ካርቦሃይድሬቱ ሲቀንስ የሚያስፈልጋት ኢንሱሊን ሊወርድ ስለሚችል ትናንት ልክ የነበረው መጠን ነገ ይበዛባታል። ለሐኪሙ ነግራችሁ፣ በቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ፣ ደጋግማችሁ እየለካችሁ ቀይሩት።

ሕክምናው ቶሎ የተጀመረላቸው ብዙ ድመቶች በመጀመሪያዎቹ ወራት ኢንሱሊን እስከማያስፈልጋቸው ይሻላቸዋል። ምልክቱ ደስ አይልም፤ የለመደችው መጠን በድንገት እየበዛባት ቁጥሮቹ ዝቅ ዝቅ ይላሉ። መጠኑ በሐኪም እየተቀነሰ ይሄድና ይቆማል። መለኪያውን ግን ለሰው አትስጡ፤ በሽታው ሊመለስ ስለሚችል በሳምንት አንዴ መለካቱን ቀጥሉ፣ የውሃ ሳህኗ ከወትሮው ቶሎ ማለቅ ከጀመረ ደግሞ ሳምንቱን አትጠብቁ።