ተባራችሁም ቢሆን የስራ ልምድ ወረቀታችሁን ጠይቁ

ማርቆስ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም ስራ ለምትፈልጉ፣ በተለይ ከድሮ ቀጣሪያችሁ ተጣልታችሁ ለወጣችሁ፤ ብዙ ሰው አፍሮ የስራ ልምዱን ሳይጠይቅ ይቀራል፣ ኧረ ተዉ! የግል ድርጅት ከነበረ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 12 መሰረት ስትጠይቁት በነፃ መስጠት ግዴታው ነው፣ አዋጁ ይስፈር የሚለው ደሞ የስራውን አይነት፣ የሰራችሁበትን ጊዜና ደሞዛችሁን ነው እንጂ ለምን እንደወጣችሁ አይደለም። በፅሁፍ ጠይቁና ኮፒው ላይ "ደርሶናል" አስብላችሁ ማህተም አስመቱ፣ በቃል ከሆነ ነገ ዛሬ እያሉ ያመላልሷችኋል።

ኢንተርቪው ላይ ለምን ወጣህ ካሏችሁ ግን እንዳትዋሹ፣ አገሩ ትንሽ ነው፣ አንድ ስልክ ደውለው ያጣራሉ። በሁለት አረፍተ ነገር እውነቱን ተናግራችሁ ወደ ምትችሉት ስራ እለፉ፣ የድሮ አለቃ ማማቱ ይቅር። ለማጣቀሻ አለቃው ባይሆን አብሯችሁ የሰራ ሺፍት መሪም ይበቃል፣ ቀድማችሁ አስፈቅዱት ብቻ።