ለአምፕሊፋየር የሚሆን ፓወር ሰፕላይ እንዴት እንደሚሰራ (ለድሬ ሙቀት የሚሆን)

ዘፈን ሳይከፈት ስፒከሩ «እምምም» የሚል ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከአምፕሊፋየሩ ሳይሆን ከፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም የግድግዳውን መብራት ለአምፑ ወደሚስማማ ዲሲ ከሚቀይረው ክፍል ነው። እዚህ ድሬዳዋ ደግሞ ሁለት ነገር ይጨመርበታል፤ ሙቀቱና የመብራቱ መዋዠቅ።

የምንሠራው ኤልኤም3886 በሚባለው አይሲ (የአምፕ ቺፕ) ለተሠራ ስቴሪዮ አምፕ ነው። ከፕላስና ማይነስ 10 እስከ 42 ቮልት ይሠራል። እኛ 25 አካባቢ እንሰጠዋለን፤ ለሳሎን ከበቂ በላይ ነው። 220 ቮልት ነክታችሁ የማታውቁ ከሆነ ግን ኤሌክትሪሺያን አጠገባችሁ ይቀመጥ።

መጀመሪያ ትራንስፎርመር። ክቡን፣ ቶሮይድ የሚባለውን፣ ሁለት 18 ቮልት መውጫ ያለውን፣ አቅሙ 160 ቪኤ (ቮልት በአምፔር ሲባዛ) የሆነውን ፈልጉ። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ያገለገለ ካገኛችሁ ጽሑፉን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ። ከጃፓን ወይም ከአሜሪካ ዕቃ የወጣ ከሆነ መግቢያው 100 ወይም 120 ቮልት ሊሆን ይችላል። አቦ፣ 220 ላይ ከሰካችሁት አለቀ።

የአንዱን 18 ቮልት መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር አገናኙ። መገናኛው «ዜሮ» ነው። በሁለቱ ዳር ሽቦዎች መካከል በቴስተር ስትለኩ 36 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ማንበብ አለበት። ዜሮ ካነበበ አንዱን መውጫ ገልብጡት።

ዳሮቹ ኤሲውን ወደ ዲሲ ወደሚቀይረው 25 አምፔር ዳዮድ ብሪጅ ይገባሉ። ብሪጁን ከብረት ሳጥኑ ጋር በብሎን እሰሩት፤ ሙቀቱን ሳጥኑ ይወስድለታል።

ከብሪጁ የሚወጣውን ፕላስና ማይነስ በየራሱ እያጠራቀመ የሚያለሰልሰው ካፓሲተር ነው፤ እሱ ላይ አትቆጥቡ። 18 በ1.41 ሲባዛ 25 ቮልት ይሆናል። አምፑ ሥራ ሲፈታ ወደ 27 ይወጣል፤ ሌሊት መብራቱ ከፍ ሲል 30 ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ 35 የሚል ተጽፎበት በርካሽ ቢቀርብላችሁም 50 ቮልቱን ግዙ። «105°» የሚለውን ምረጡ እንጂ 85 የሚለውን አይደለም። የዚህ ዓይነት ካፓሲተር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል፤ የድሬን ግንቦት ደግሞ ታውቁታላችሁ። መጠኑ በየጎኑ፣ ለፕላሱም ለማይነሱም፣ 10,000 ማይክሮፋራድ ይበቃል። እላዩ ላይ መደራረብ የሚወዱ አሉ፤ ትርፉ በተሰካ ቁጥር ፊውዝ ማቃጠል ነው። በእያንዳንዱ ላይ 2.2 ኪሎ ኦም፣ 1 ዋት ሪዚስተር ጨምሩ፤ ሲጠፋ ቻርጁን ያራግፈዋል።

«እምምም» የሚለው ድምፅ የሚፈጠረው ወይም የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው። የሁለቱን ካፓሲተሮች መሃል፣ ማለትም የፕላሱን ካፓሲተር ማይነስ ከማይነሱ ካፓሲተር ፕላስ ጋር፣ በአጭርና ወፍራም መዳብ አያይዙ። የትራንስፎርመሩ ዜሮ እዚያ ይግባ። ከዚያ አንድ ሽቦ ብቻ አውጥታችሁ ሌላ ነጥብ ላይ እሰሩ። የስፒከሩ መመለሻ፣ የአምፑ ግራውንድና የሳጥኑ ግንኙነት ሁሉ ከዚህ ሁለተኛ ነጥብ ይነሱ። መዳቡ ላይ ካፓሲተሩን የሚሞላው ጅረት በሰከንድ 100 ጊዜ እየረገጠ ያልፋል፤ ድምፁን ከእሱ አርቁት።

220 መግቢያው ላይ 2 አምፔር ቀስ ብሎ የሚቃጠል ፊውዝ አድርጉ። የመሬት ሽቦው በራሱ ብሎን ከሳጥኑ ጋር ይታሰር። የትራንስፎርመሩ መሃል ብሎን ደግሞ የሳጥኑን ወለልም ክዳንም በአንድ ጊዜ መንካት የለበትም፤ ከነካ ሾርት ነው።

ስትሞክሩ የመግቢያውን አንድ ሽቦ በ60 ዋት አምፖል በኩል አሳልፉት፤ የድሮው ባለክሩ እንጂ ኤልኢዲ አይሆንም። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ ብሎ ከቀረ ንቀሉ። ከነቀላችሁ በኋላ 2 ደቂቃ ጠብቁ፣ ለኩ፣ ከዚያ ንኩ።

አምፑን ስታገናኙ ስፒከር ከማስገባታችሁ በፊት መውጫው ላይ ዲሲ ለኩ። ከ100 ሚሊቮልት ካለፈ ስፒከሩን አትስጡት። ሁሉም ደህና ሆኖ ትንሽ ድምፅ ከቀረ የትራንስፎርመሩን ብሎን ላላ አድርጉና በቦታው ላይ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ድምፁ የሚጠፋበት አቅጣጫ ላይ ስትደርሱ አጥብቁት።